የታመመው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነው፦ አብኖርማል ሳይኮሎጂ ለማስተማር ለተመደበ መምህር

አብኖርማል ሳይኮሎጂን፣ ማለትም ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረውን ኮርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተማርኩበት ሴሚስተር ስለ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምጽ መስማትና ከእውነታ የራቀ እምነት ስለሚታዩበት ሕመም) የማስተምርበት ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ ዋለ። ተማሪዎቹ እንዳያንቀላፉብኝ ብዬ አንድ ሕመምተኛ አጥብቆ ያምንበት የነበረውን ነገር እንደ ቀልድ አድርጌ ተረክሁላቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። በማግስቱ ከኋላ ወንበር የማትጠፋ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «መምህር፣ ትናንት የተሳቀበትን ነገር ወንድሜም እንደዚያው ነው የሚለው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ኮርሱን አልተወችውም፤ ግን እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ አንድም ጊዜ እጇን አላነሣችም።

ከዚያ ወዲህ ኮርሱን ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። አዲስ የተመደበ መምህር «ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምነግረው ከዚያች ቀን የተማርኩትን ነው። ስለ የትኛውም ሕመም ሲያስተምሩ፣ ሕመሙ ያለበት ሰው ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ እየሰማዎት እንደሆነ አድርገው ያስተምሩ። ይህ ከጨዋነት የመነጨ ምክር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩም ያንኑ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ8 ሰዎች አንዱ፣ በጠቅላላው 970 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር እንደነበር ገምቷል። በ2005 የታተመ አንድ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በዕድሜ ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ተማሪዎችዎ ስንት ዓመታቸው ነው? 60 ተማሪ ካለዎት፣ ሕመሙ ዛሬ ያለበት፣ ትናንት የነበረበት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚጀምረው፣ እናቱ ወይም እህቱ የታመመችበት ተማሪ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። የኮርሱ አሠራር ሁሉ፣ የርዕሶቹ ቅደም ተከተልም ሆነ የፈተናው ጥያቄ፣ ይህን አውቆ መዘጋጀት አለበት።

የመጀመሪያው ሳምንት

ብያኔ ከስላይድ ላይ በማንበብ አይጀምሩ። እኔ የክፍሉን አንድ ጥግ «ጤና»፣ ሌላውን ጥግ «ሕመም» ብዬ እሰይምና አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አነባለሁ። አንድ ሰው በቀን 40 ጊዜ እጁን ይታጠባል። አንዲት ሴት የሞተ ባሏ ማታ ማታ ሲጠራት ትሰማለች። አንድ እስረኛ ለ9 ቀናት ምግብ አልቀምስም ብሏል። አንድ ወጣት ለ5 ቀናት በቀን 3 ሰዓት ብቻ እየተኛ፣ ከወትሮው በላይ እየሠራ፣ በጣም ደስተኛ ነው። ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ከሁለቱ ጥጎች መካከል ተስማሚ ነው ያሉት ቦታ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። እጁን የሚታጠበው ሰው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነው። ባሏ የሞተው ከ3 ሳምንት በፊት ነው። እስረኛው ጥያቄ አቅርቦ መልስ እየጠበቀ ነው። ወጣቱ ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ሆኖ መጨረሻው ሆስፒታል ነበር። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ይተራመሳል፤ የቆመው ሁሉ ቦታ ይቀይራል። ድርጊት ብቻውን ምንም እንደማይናገር፣ ከጀርባው ያለው ሁኔታ ሲታወቅ ብቻ ትርጉም እንደሚያገኝ፣ እኔ ቃል ሳልናገር ተማሪው በእግሩ ተጉዞ ይደርስበታል።

አራቱን የተለመዱ መመዘኛዎች፣ ማለትም ከብዙኃኑ መለየትን፣ ስቃይን፣ የዕለት ተዕለት ኑሮ መሰናከልን እና አደጋን፣ የማቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። አራቱም ብቻቸውን ሲቆሙ እንዴት እንደሚወድቁ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይነግሩኛል። ጀሮም ዌክፊልድ የተባለ ምሁር በ1992 ያቀረበውን ሐሳብም እዚሁ አነሣለሁ፤ ሕመም ለመባል አንድ የአእምሮ አሠራር መበላሸት አለበት፣ ብልሽቱም ሰውየውን የሚጎዳ መሆን አለበት የሚለውን። ተማሪዎች ይወዱታል። «መበላሸቱንስ ማን ያውቃል?» ብለው ሲሞግቱት ደግሞ እኔ እወዳቸዋለሁ።

በዚሁ ሳምንት ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባሪያ አሳዳሪዎቻቸው የሚያመልጡ ሰዎች «ድራፔቶማንያ» የተባለ የአእምሮ ሕመም አለባቸው ብሎ ጻፈ። ነጻነትን መፈለግ የበሽታ ስም ተሰጠው ማለት ነው። ይህን ከተናገሩ በኋላ ጥቂት ዝም ይበሉ። ለማብራራት አይቸኩሉ፤ ስያሜ መስጠት ሥልጣን መሆኑን ተማሪው በዚያ ዝምታ ውስጥ ያገኘዋል።

ያ የድሮ ስሕተት ነው ብለው እንዳያርፉ ደግሞ የዛሬውን ምሳሌ አስከትላለሁ። የአእምሮ ሕመሞችን መመዘኛ የሚዘረዝረው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም፣ በ1952 ከወጣ ጀምሮ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ ትልቁ ለውጥ በ1980 የመጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ አምስተኛው በ2013፣ የተከለሰው አምስተኛ ደግሞ በ2022 ወጥቷል። በዚህ የመጨረሻው ላይ የተራዘመ ሐዘን እንደ ሕመም ገብቷል፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ማለፍ አለበት ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ መጽሐፍ፣ አይሲዲ-11፣ ግን ለዚሁ ሕመም 6 ወር ይበቃል ብሏል። ስለዚህ ልጇ ከሞተ 8 ወር የሆናት፣ ሐዘኑ አላላውስ ያላት እናት በአንዱ መጽሐፍ ታማለች፣ በሌላው ገና አልታመመችም። ማን ልክ ነው? ለ20 ደቂቃ ይከራከሩበት። እኔ መልስ አልሰጥም፤ ግን ስያሜው ምን እንደሚያስገኝላት፣ ምን እንደሚያሳጣትም ሳይነሣ ክርክሩ እንዲዘጋ አልፈቅድም።

አፍ ላይ ያለ ቃል

«እብድ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ አልከለክልም። ተማሪዎች ቃሉን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል፤ ብከለክለው ከምላሳቸው እንጂ ከልባቸው አይወጣም። ይልቅ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ከጎኑ «ቀወስ»፣ «ነካ ያደርገዋል»፣ «ለቀቅ አድርጎታል» የሚሉትን እደረድራለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ፦ ከእነዚህ ውስጥ ሰውየው ምን እንደሚሰማው የሚነግረን የትኛው ነው? አንዱም አይደለም። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ተመልካቹ ፍርሃት ወይም ንቀት ነው። «ከ4 ወር ጀምሮ ማንም የማይሰማው ድምጽ ይሰማል፣ ድምጹም ይሰድበዋል» ስንል ግን ሰውየው ይታየናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን አንድ ነው፦ «ስኪዞፍሬኒኩ» አንልም፣ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው እንላለን፤ ከተቻለም ከሕመሙ ስም በፊት ሰውየው የሚሰማውን እንናገራለን። ስሳሳት ተማሪ እንዲያርመኝ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ያርሙኛልም።

«መምህር፣ እኔም አለብኝ መሰለኝ»

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይጀምራል። የሕክምና ተማሪዎች ስለሚያጠኑት በሽታ ሁሉ «አለብኝ» ብለው እንደሚሰጉ ከጥንት ይታወቃል፤ የእኛም ተማሪዎች ከዚያ አያመልጡም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አስቀድመው ይንገሯቸው፦ የምንማራቸው ምልክቶች አብዛኞቹ በጤነኛ ሰው ላይም በትንሹ የሚታዩ ናቸው፣ ስለዚህ ራሳችሁን ታገኙባቸዋላችሁ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይስጧቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከምን ከለከለህ? የሚያውቅህ ሰው ለውጡን አይቷል?

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት «የተማሪ በሽታ ነው፣ ያልፋል» ብለው ሁሉንም በአንድ ቃል በመመለሳቸው ነው። ከመጡት ውስጥ አንዳንዱ እውነቱን ነው። ለዓመታት ስሙን ያላወቀውን ነገር ትናንት ክፍል ውስጥ ሰምቶ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፣ ድፍረት አሰባስቦ ነው የመጣው። ስለዚህ አይመርምሩት፣ አያሰናብቱትም። ከመናገሩ በፊት ምን በምሥጢር መያዝ እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ይንገሩት፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ለሌላ ሰው መንገርዎ እንደማይቀር ቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚያ ያድምጡ። መምህሩ ነዎት እንጂ ሐኪሙ አይደሉም፤ በዚያው ሳምንት ውጤቱን የሚያርሙለት ሰው ሊያክመው አይገባም። የምክር አገልግሎቱ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሴሚስተሩ ሳይጀምር ሄደው ይወቁ። «እዚያ ሂድ» ማለትና «ና አብረን እንሂድ» ማለት በጣም ይለያያሉ። እኔ ከተማሪ ጋር እስከ በሩ የሄድኩባቸውን ቀናት በዚህ ሥራ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ በላይ አስታውሳቸዋለሁ።

ምልክቶችን ማስተማር፣ ግን እንደ ዝርዝር አይደለም

ተማሪ የሚፈራው፣ መምህርም የሚሰለቸው ክፍል ይህ ነው። እኔ ግን ከኮርሱ ሁሉ የምወደው ነው፤ ምክንያቱም ዝርዝሩን እንዲሸመድዱት ከመስጠት ይልቅ ውስጡን ፈታተው እንዲያዩት ማድረግ ይቻላል።

የድብርትን ምሳሌ ልውሰድ። ዲኤስኤም ለከባድ ድብርት 9 ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ከእነሱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ለ2 ሳምንት መኖር አለባቸው፣ ከ5ቱም አንዱ የተከፋ ስሜት ወይም የፍላጎት መጥፋት መሆን አለበት። ይህን ካልኩ በኋላ የምጠይቀው የሒሳብ ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ይህን መመዘኛ በስንት ዓይነት መንገድ ሊያሟላ ይችላል? መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ ሒሳብ የጠበቀ የለም። አብረን እንሠራዋለን። ከ9 ምልክቶች 5 እና ከዚያ በላይ የሚመረጡባቸው መንገዶች 256 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱም ዋና ምልክቶች የሌሉባቸው 29 ይቀነሳሉ። መልሱ 227 ነው። ከዚያ ሁለተኛውን እጠይቃለሁ፦ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ከባድ ድብርት ተብለው የሚጋሩት ቢያንስ ስንት ምልክት ነው? አንድ ብቻ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እያፈጠጠ ያድራል፣ ክብደቱ ቀንሷል፣ ይቁነጠነጣል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ አቅቶታል። ስማቸው ግን አንድ ነው። ይህን ያየ ተማሪ «ድብርት ያለበት ሰው እንዲህ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ከዚያ ቀጥሎ ወደ ስምምነት ጉዳይ እገባለሁ። አንድ ገጽ ኬዝ፣ ማለትም የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ፣ እሰጥና እያንዳንዱ ተማሪ ከጎረቤቱ ሳይማከር ስያሜውን ጽፎ እንዲያጥፍ አደርጋለሁ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሰሌዳ ላይ እቆጥራለሁ። አንድ ኬዝ፣ አራት ወይም አምስት ዓይነት መልስ! ተማሪዎቹ ያፍራሉ፤ ከመካከላቸው ያልገባቸው እንዳሉ ያስባሉ። ያኔ ነው የሠለጠኑ ሐኪሞች ውጤት የሚቀርበው። የዲኤስኤም አምስተኛ እትም ከመውጣቱ በፊት በተደረገው የመስክ ሙከራ፣ ሁለት ሐኪሞች አንድን ሰው ለየብቻ ሲመረምሩ ምን ያህል እንደተስማሙ ካፓ በተባለ የስምምነት መለኪያ ተለክቷል፤ 1 ፍጹም ስምምነት ነው፣ 0 በዕድል ከሚገኘው የማይሻል። ለድኅረ አደጋ ጭንቀት 0.67፣ ለስኪዞፍሬንያ 0.46፣ ለከባድ ድብርት 0.28፣ ለተስፋፋ ጭንቀት (በብዙ ነገር ላይ ለሚዘረጋ የማያቋርጥ ስጋት) 0.20 ሆነ።

ይህን ቁጥር ካሳዩ በኋላ ክፍሉን እንዲሁ አይልቀቁት። «ታዲያ ሁሉም ውሸት ነው» የሚል ተማሪ ይነሣል፣ ሁልጊዜም ይነሣል። ስቃዩ ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም ሐኪሞች ሰውየው እየተሰቃየ መሆኑን አይተዋል። የሚያጨቃጭቃቸው ድንበሩ ነው፦ ጭንቀትና ድብርት አንድ ሰው ላይ አብረው ሲቀመጡ ስሙን ለየትኛው እንስጥ የሚለው። ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ሲያከራክር መሬቱ አይጠፋም። ይህን ሳይነግሩ ያሰናበቱት ተማሪ ሄዶ ለታመመ ጓደኛው «መድኃኒትህን ተው፣ ሐኪሞቹም አያውቁትም» ሊለው ይችላል፤ ያ ደግሞ የእኛ ጥፋት ይሆናል።

ምልክቶቹ ቢያንስ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለባቸው የሚናገሩትን የጊዜ መመዘኛዎች ለማስያዝ አንድ ረጅም መስመር ሰሌዳው ላይ አሰምራለሁ። 4 ቀን ለቀለል ያለው የማንያ (ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት መጋል) ዓይነት፣ 1 ሳምንት ለማንያ፣ 2 ሳምንት ለድብርት፣ ከ1 ወር በላይ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት፣ 6 ወር ለተስፋፋ ጭንቀትና ለስኪዞፍሬንያ፣ 2 ዓመት ለማይለቅ ድብርት። መስመሩ ሴሚስተሩን ሙሉ በየክፍለ ጊዜው ይሰመራል። ከግማሽ ሴሚስተር በኋላ የሚያሰምሩት ተማሪዎቹ ናቸው።

ስለ ሮዘንሃን አንድ ማሳሰቢያ

ይህን ኮርስ የሚያስተምር ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያውን የዴቪድ ሮዘንሃንን የ1973 ጽሑፍ ያነሣል። 8 ጤነኛ ሰዎች ድምጽ ይሰማናል ብለው 12 ሆስፒታሎች ገቡ፣ ከገቡ በኋላ እንደ ወትሯቸው ሆኑ፣ ግን ከ7 እስከ 52 ቀናት ተያዙ የሚለው ታሪክ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሆኖም በ2019 ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ የጥናቱን ሰነዶች መርምራ፣ የተጻፈው ከተደረገው ጋር በብዙ ቦታ እንደማይገጥም፣ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹም ሊገኙ እንዳልቻሉ አሳይታለች። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ያስተምሩ። እኔ መጀመሪያ ጽሑፉን አቀርባለሁ፣ ተማሪዎቹ በሆስፒታሎቹ ላይ እስኪቆጡ ድረስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ጥርጣሬውን አቀርባለሁ። «ለምን ወዲያው አመንን?» የሚለው ጥያቄ ከጥናቱ ራሱ የበለጠ ያስተምራቸዋል።

ኬዝ መጻፍ

የተዘጋጀ ኬዝ መጠቀም ይቀላል፤ ግን አብዛኛው ኬዝ ምልክቶቹን ተራ በተራ የሚደረድር ሰው አልባ ጽሑፍ ነው። የራስዎን ይጻፉ። የማንንም እውነተኛ ሰው ታሪክ አይውሰዱ፤ ስም ቀይሬያለሁ ማለት አይበቃም፣ ዘመዱ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

በኬዙ ውስጥ ሰውየው የሚወደው ነገር፣ የሚችለው ነገር፣ የሚያስብለት ሰው ይኑር። ከምልክቶቹ መካከል አንድ የሚያሳስት ነገር ያስገቡ። ከምጠቀምባቸው አንዱ እንዲህ ነው፦ የ34 ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከ5 ወር ወዲህ ድካም፣ የክብደት መጨመር፣ የመርሳት፣ ከሰው የመሸሽ፣ ብርድ ያለመቻል ችግር አለባት። ተማሪዎቹ «ድብርት» ብለው ይሮጣሉ። ብርድ አለመቻሏን ያነሣ ተማሪ ካለ ቆም አደርጋቸዋለሁ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ልክ ድብርት መስሎ ይመጣል፣ የሚለየውም የደም ምርመራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ አካል ምርመራ ስያሜ የሚሰጥ ተማሪ ይቀንሳል። የዕጢው ሥራ ሲበዛ ጭንቀት እንደሚመስል፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ እብጠትን የሚቀንሱት ኮርቲኮስቴሮይዶች፣ ማንያና የሌለ ነገር ማየት እንደሚያስከትሉ በሌሎች ኬዞች አሳያለሁ።

ቅደም ተከተል፣ በተለይ የራስን ማጥፋት ርዕስ

ከጭንቀት ይጀምሩ። ልቡ ያልመታበት፣ እጁ ያላላበው ተማሪ የለም፤ ስለዚህ ሕመሙን ከሩቅ ሳይሆን ከራሱ ተነሥቶ ያየዋል። የፓኒክን፣ ማለትም የድንገተኛ ብርቱ ፍርሃትን፣ ዙር እሥላለሁ፦ ልብ ይመታል፣ «ልሞት ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ሐሳቡ ፍርሃት ያመጣል፣ ፍርሃቱ ልብን ይበልጥ ያስመታል። ለማሳየት ብለው ተማሪን በፍጥነት አያስተንፍሱ፤ እሱ የሕክምና ክፍል ሥራ ነው። ከዚያ ድብርት፣ ባይፖላር (ማንያና ድብርት የሚፈራረቁበት ሕመም)፣ ከዚያ ስኪዞፍሬንያ። ስኪዞፍሬንያ ላይ ሲደርሱ ሁለት ነገር ሳይናገሩ አይለፉ፦ «ሁለት ዓይነት ሰው መሆን» ማለት አይደለም፣ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችም ጥቃት ከሚያደርሱት ይልቅ ጥቃት የሚደርስባቸው ይበዛሉ። የቀረውን እንደ ጊዜዎ።

ስለ ራስን ማጥፋት ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በዚህ ይሞታሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ተማሪዎቻችን በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸውና ርዕሱን መዝለል አይቻልም። ግን ቀኑን ይምረጡ። ዓርብ አያስተምሩት፣ ከበዓል ወይም ከፈተና ሳምንት በፊት አያስተምሩት፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜም አያድርጉት፤ ልቡ የተነካ ተማሪ በማግስቱ የሚያገኘው ሰው ሊኖር ይገባል። እኔ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ አደርገዋለሁ። ከሳምንት በፊት አስታውቃለሁ፤ መቅረት የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይቀራል፣ ጽሑፉን ብቻ ያነባል።

ስለ ዘዴው አይናገሩ። ምንም ዝርዝር፣ ምንም ሥዕል። «ሞክሮ አልተሳካለትም» አንልም፤ «ሞክሮ ተረፈ» እንላለን፤ መትረፍ ውድቀት አይደለምና። ከሁሉ በላይ ይህን እንዲይዙ እፈልጋለሁ፦ አንድን ሰው ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ጥናቶቹ በዚህ ይስማማሉ። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው ቀለል ይለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ጮክ ብለው እንዲለማመዱት አደርጋለሁ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሳይሆን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ወደ እኔ እያዩ፣ በየራሳቸው አነጋገር ይሉታል። መጀመሪያ ድምጻቸው ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ላይ ይጸናል። አንድ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ደውሎልኝ «ጥያቄውን ጠየቅሁት» አለኝ፤ ማንን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ቪዲዮና እንግዳ

የሌለ ድምጽ በጆሮ ማዳመጫ እያሰሙ «እንዲህ ነው የሚሰማቸው» የሚሉ መልመጃዎች አሉ። አልጠቀምባቸውም። ርኅራኄን ቢጨምሩም አንዳንድ ጊዜ ከታመመው ሰው የመራቅ ፍላጎትንም እንደሚጨምሩ ታይቷል፤ ተማሪው ፍርሃቱን ይቀምሳል እንጂ ሰውየው ከድምጾቹ ጋር እንዴት ሠርቶ እንደሚኖር አያይም።

የተሻለው ሰውየውን መጋበዝ ነው። ስለ ሕመም ከሚሰጥ ንግግር ይልቅ ሕመሙን ካለፈበት ሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አዋቂዎች ለታመሙ ሰዎች ያላቸውን ጥላቻ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። ግን በጥንቃቄ ይደረግ። እንግዳው እንደማንኛውም ተጋባዥ መምህር ይከፈለው። ከመምጣቱ በፊት ይገናኙ፤ የማይነገረውን እሱ ይወስን፣ በፈለገበት ሰዓት ማቆም እንደሚችል ይወቅ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ቀድመው ጽፈው ይስጡ፤ እርስዎ ያጣሯቸው። ሰውየው ስለ ሥራው፣ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ልጆቹም እንዲያወራ ጊዜ ይስጡት። ከ2 ቀን በኋላ ይደውሉለት። በአንድ ሴሚስተር የጋበዝኳት ሴት ጥያቄና መልሱ ሲያልቅ «ማንም ስለ ሥራዬ አልጠየቀኝም» አለች። የሒሳብ ባለሙያ ነች። ቀጣዩን የጥያቄ ወረቀት ያዘጋጀሁት ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነሥቼ ነው።

መንስኤ

በዚህ ላይ አጭር ልሁን። ተማሪ አንድ መንስኤ ይፈልጋል፤ አይስጡት። አንድ መንስኤ የተገኘበት ታዋቂ ምሳሌ አለ፦ አእምሮንና አካልን የሚያዳክም አንድ ሕመም የቂጥኝ ውጤት እንደሆነ በ1913 ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች የበሽታውን ባክቴሪያ በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ በማግኘት አረጋገጡ። ይህን ያዩ ሁሉ የሌሎቹም ሕመሞች መንስኤ እንዲሁ አንድ በአንድ ይገኛል ብለው ጠበቁ፤ ለአብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልሆነም። ሐኪሙ ጆርጅ ኤንገል በ1977 አካልን፣ ሥነ ልቦናንና ማኅበራዊ ኑሮን አንድ ላይ እንይ ያለው ሐሳብ ዛሬም መነሻችን ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «የአንጎል በሽታ ነው» ብሎ ማስተማር ወቀሳውን ይቀንሳል፣ ግን «አይድንም» የሚለውን ተስፋ መቁረጥና የመራቅ ፍላጎቱን ሊያባብስ ይችላል። ስለ አካል ባስተማሩበት ክፍለ ጊዜ ስለ መዳንም ያስተምሩ።

ፈተናና የጽሑፍ ሥራ

«የድብርትን 9 ምልክቶች ዘርዝር» የሚል ጥያቄ አልጠይቅም። ኬዝ እሰጥና ከ10 ነጥብ 3ቱን ለስያሜው፣ 7ቱን ለምክንያቱ እሰጣለሁ፦ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ለመለየት ምን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ሰውየውን ያቆመው ምን ጥንካሬ ነው። ስያሜውን ስቶ በደንብ ያሰበ ተማሪ 7 ሊያገኝ ይችላል፤ ስያሜውን አግኝቶ ያላሰበ 3 ብቻ።

ስለ ራሳቸው ወይም ስለ ቤተሰባቸው ሕመም እንዲጽፉ የሚያዝ ሥራ ፈጽሞ አይስጡ። ለውጤት ሲባል ቁስሉን የሚከፍት ተማሪ መኖር የለበትም፤ ምንም የሚጽፈው የሌለው ደግሞ ፈጥሮ ይጽፋል። ያም ሆኖ ሳይጠየቅ የሚጽፍ ይኖራል። ከ30 ወረቀቶች መካከል አንዱን ሲያርሙ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ስለ ኬዙ ሰው ሳይሆን ስለ ራሱ እየጻፈ እንደሆነ ያውቃሉ። እዚያ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ ያስቀምጡ። ውጤቱን ከኬዙ ክፍል ብቻ ይስጡ፤ በቀረው ላይ ፊደል እንኳ አያርሙ። በገጹ ጠርዝ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ ጽሑፉን እንዳነበቡት፣ ስለ ጻፈልዎት እንደሚያመሰግኑት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ቢሮ እንደሚገኙ ይጻፉለት። አደጋ የሚጠቁም ነገር ካለበት ግን ወረቀቱ እስኪመለስ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ያግኙት።